ቋሚ ቀጥታ ድጋፍ፡- ጧሪ ላጡ ወገኖች የሚሰጥ የመንግሥት ገንዘብና አፈጻጸሙ በአዋሽ ሸለቆ ከተሞች

በሀገራችን የመንግሥት ሠራተኛ የአገልግሎት ዘመኑን ሲያጠናቅቅ የጡረታ አበል እንደሚያገኝ ይታወቃል። ይህ መብት በአዋጅ ቁጥር 209/1955 የተደነገገ ሲሆን፣ ከረጅም ዓመታት በኋላ የግል ድርጅት ሠራተኞችንም ለማካተት በቅቷል። በአሁኑ ወቅት የሁለቱን ዘርፎች ጡረታ የሚገዙት በ2014 ዓ.ም የወጡት አዋጅ ቁጥር 1267 እና 1268 ናቸው። ይሁንና ዕድሜውን ሙሉ ከግመልና ከፍየል ጋር በአዋሽ ሸለቆ የተንከራተተ አርብቶ አደር አሠሪ የለውም፤ ከደመወዙ ተቀንሶ የተጠራቀመለት መዋጮም የለም። ዓይኑ ሲፈዝ፣ ጉልበቱ ሲደክም ወይም አካሉ ሲጎዳ የሚጠብቀው የልጆቹንና የጎሳውን ድጋፍ ነው። ልጅ ከሌለው፣ ከብቱም በድርቅ ካለቀበት ጧሪ ቀባሪ ካጡት ወገኖች ተርታ ይሰለፋል።

መንግሥት ለእንዲህ ዓይነቱ ወገን በጥሬ ገንዘብ ወይም በእህል የሚሰጠው መደበኛ ዕርዳታ "ቋሚ ቀጥታ ድጋፍ" በመባል ይጠራል። ድጋፉ በአፋር ክልል ገጠር ቀበሌዎች በልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም፣ በሰመራና በሎጊያ ደግሞ በከተማ ሴፍቲኔት ፕሮጀክት አማካይነት ሲሰጥ ቆይቷል። ይህ ጽሑፍ የድጋፉን ሕጋዊ መሠረት፣ አሠራርና ልክ ያብራራል። በተጨማሪም ገንዘቡ ለአረጋውያንና ለአካል ጉዳተኞች እንክብካቤ እንዲውል በአፈጻጸም ረገድ ትኩረት የሚሹ ጉዳዮችን ይዳስሳል።

ሕጋዊ መሠረቱ

የኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 5፣ መንግሥት የአካልና የአእምሮ ጉዳተኞችን፣ አረጋውያንን እንዲሁም ያለ ወላጅ ወይም ያለ አሳዳጊ የቀሩ ሕፃናትን ለማቋቋምና ለመርዳት የሀገሪቱ የኢኮኖሚ ደረጃ በፈቀደው መጠን እንክብካቤ እንደሚያደርግ ይደነግጋል። አንቀጽ 90ም የሀገሪቱ አቅም በፈቀደ መጠን ዜጎች የጤና፣ የትምህርት፣ የንጹህ ውኃ፣ የመኖሪያ፣ የምግብና የማኅበራዊ ዋስትና ተጠቃሚ እንዲሆኑ ፖሊሲዎች ሊቀረጹ እንደሚገባ ያመለክታል።

እነዚህን ድንጋጌዎች ወደ ተግባር ለመለወጥ በ1989 ዓ.ም የልማታዊ ማኅበራዊ ደኅንነት ፖሊሲ ወጥቷል። በመቀጠልም በኅዳር ወር 2007 ዓ.ም ብሔራዊ የማኅበራዊ ጥበቃ ፖሊሲ ጸድቋል። የኋለኛው ፖሊሲ ሴፍቲኔትን፣ የሥራ ስምሪትንና የመተዳደሪያ መሻሻልን፣ ማኅበራዊ መድንን፣ የመሠረታዊ አገልግሎቶች ተደራሽነትን እንዲሁም ለጥቃት ለተጋለጡ ወገኖች የሚሰጥ የሕግ ጥበቃን በአንድ ማዕቀፍ ሥር ያሰባሰበ ነው። ከፖሊሲው መጽደቅ በፊት ድጋፍ በአመዛኙ ድርቅ ሲከሰት የሚታወስ የዕርዳታ ሥራ ተደርጎ ይታይ ነበር። ፖሊሲው ግን ቀጣይነት ያለው፣ በበጀት የሚመራ የመንግሥት ኃላፊነት መሆኑን አስቀምጧል።

ኢትዮጵያ የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ኮንቬንሽንን በአዋጅ ቁጥር 676/2002 አጽድቃለች። የኮንቬንሽኑ አንቀጽ 19 አካል ጉዳተኞች የት እና ከማን ጋር እንደሚኖሩ የመምረጥ መብት እንዳላቸው፣ በማኅበረሰቡ ውስጥ ለመኖር የሚያስችላቸውን የግል ረዳት ጨምሮ የድጋፍ አገልግሎት ሊያገኙ እንደሚገባም ያስገነዝባል። ስለሆነም ቋሚ ቀጥታ ድጋፍን እንደ ችሮታ ብቻ መመልከት ከሕጉ መንፈስ ጋር አይጣጣምም።

የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም አሠራር

ልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም የተጀመረው በ1997 ዓ.ም ነው። ዓላማውም በየዓመቱ የምግብ እጥረት የሚገጥማቸውን ቤተሰቦች በአስቸኳይ ጊዜ ዕርዳታ ጥሪ ከመደገፍ ይልቅ፣ አስቀድሞ በታወቀ ጊዜና መጠን በመደገፍ ጥሪታቸውን ሸጠው ከመጨረስ መታደግ ነበር። በመጀመሪያው ዓመት ወደ 5 ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ ያቀፈ ሲሆን፣ በኋለኞቹ ምዕራፎች የተጠቃሚዎቹ ቁጥር ወደ 8 ሚሊዮን ተጠግቷል። በደጋማ አካባቢዎች ተጀምሮ ወደ አርብቶ አደር አካባቢዎች የተስፋፋው ፕሮግራም በአፋር ክልልም ተግባራዊ ሆኗል። አምስተኛው ምዕራፍ የተጀመረው በ2013 ዓ.ም ነው።

በፕሮግራሙ የሚታቀፉ ቤተሰቦች በሦስት ይከፈላሉ። የመጀመሪያዎቹ ለሥራ የደረሰና ጤነኛ አባል ያላቸው ሲሆኑ፣ በማኅበረሰብ ሥራ ተሳትፈው በዓመት ለ6 ወራት ክፍያ ያገኛሉ። ሁለተኛው ምድብ ነፍሰ ጡሮችን፣ የሚያጠቡ እናቶችንና የተመጣጠነ ምግብ እጥረት ያጋጠማቸውን ሕፃናት የሚንከባከቡ ወገኖችን የሚመለከት ነው፤ እነዚህ ለተወሰነ ጊዜ ከጉልበት ሥራ ነፃ ሆነው ጊዜያዊ ቀጥታ ድጋፍ ያገኛሉ። ሦስተኛው ምድብ ለሥራ የሚበቃ አባል የሌላቸውን ቤተሰቦች የሚያካትት ነው፤ ረዳት ያጡ አረጋውያን፣ ከባድ የአካል ጉዳት ያለባቸው፣ የረጅም ጊዜ ሕሙማን እንዲሁም በሕፃናት የሚመሩ ቤተሰቦች በዚህ ውስጥ ይገኛሉ። ቋሚ ቀጥታ ድጋፍ የሚባለውም ለነዚህ የሚሰጠው ነው።

በፕሮግራሙ የመጀመሪያ ዓመታት የቀጥታ ድጋፍ ተጠቃሚዎችም እንደ ማኅበረሰብ ሥራ ተሳታፊዎች ለ6 ወራት ብቻ ይከፈላቸው ነበር። ከ2007 ዓ.ም ማብቂያ ጀምሮ በተካሄደው አራተኛው ምዕራፍ ግን የቋሚ ቀጥታ ድጋፍ ተጠቃሚዎች ክፍያ ለ12 ወራት እንዲሆን ተደርጓል። የዚህ ለውጥ ምክንያት ግልጽ ነው። ጉልበት ያለው ሰው በቀሪዎቹ 6 ወራት የራሱን ሥራ ሊሠራ ይችላል። ዓይነ ስውር የሆነ አረጋዊ ግን ከሐምሌ እስከ ታኅሣሥ የሚተዳደርበት ሌላ ምንጭ የለውም።

በዚሁ ምዕራፍ ሌላም አስተዳደራዊ ለውጥ ተደርጓል። ቀደም ሲል የቋሚ ቀጥታ ድጋፍ ተጠቃሚዎች ጉዳይ ሙሉ በሙሉ በግብርና ዘርፍ ሥር ነበር። ቁፋሮና የውኃ ዕቀባ የሚመራ ባለሙያ አልጋ ላይ የዋለን ሰው ጉዳይ እንዲከታተል መጠበቅ ተገቢ ሆኖ ባለመገኘቱ፣ ኃላፊነቱ ወደ ሠራተኛና ማኅበራዊ ጉዳይ ዘርፍ እንዲዛወር ተወስኗል። በ2014 ዓ.ም አስፈጻሚ አካላትን እንደገና ባደራጀው አዋጅ ቁጥር 1263 መሠረት ደግሞ የማኅበራዊ ጉዳይ ዘርፍ ወደ ሴቶችና ማኅበራዊ ጉዳይ ሚኒስቴር ተሸጋግሯል።

የክፍያው ስሌትና ጉድለቱ

በ1997 ዓ.ም ፕሮግራሙ ሲጀመር ለአንድ የሥራ ቀን የሚከፈለው 6 ብር ነበር። የእህል ዋጋ እየናረ ሲሄድ መጠኑ በተደጋጋሚ ተሻሽሏል። በአራተኛው ምዕራፍ ለአንድ ተጠቃሚ በወር 15 ኪሎ ግራም እህልና 4 ኪሎ ግራም ጥራጥሬ፣ ወይም ይህንኑ ሊገዛ የሚችል ገንዘብ መለኪያ ሆኖ ተወስዷል። የሚታሰበው የቤተሰብ አባላት ብዛትም ከ5 እንዳይበልጥ ጣሪያ ተቀምጧል። በዚህ ስሌት 5 አባላት ያሉት ቤተሰብ በወር 75 ኪሎ ግራም እህልና 20 ኪሎ ግራም ጥራጥሬ ሲያገኝ፣ ብቻውን የሚኖር አረጋዊ 15 ኪሎ ግራም እህልና 4 ኪሎ ግራም ጥራጥሬ ያገኛል።

ስሌቱ የምግብ ፍላጎትን ለመመዘን የተዘጋጀ በመሆኑ የሚቆጥረው በቤቱ ያሉትን ተመጋቢዎች ነው። በሰው እጅ የሚጎርስ፣ ውኃ የሚቀዳለት፣ ወደ መጸዳጃ የሚመራው ሰው የሚሻ አረጋዊና፣ ራሱን ችሎ የሚንቀሳቀስ አረጋዊ እኩል ይከፈላቸዋል። የረዳቱ ጉልበትና ጊዜ በስሌቱ ውስጥ አይገባም። ረዳቱ የጎረቤት ልጅ ከሆነና በቤተሰቡ መዝገብ ካልተጻፈ፣ አረጋዊው የአንድ ሰው ድርሻውን ለሁለት ለመካፈል ይገደዳል።

ይህን ክፍተት የሚሞላ አሠራር በሀገራችን ተሞክሯል። በትግራይ ክልል በአብይ ዓዲ ከተማና በሕንጣሎ ዋጅራት ወረዳ እ.አ.አ. ከ2011 እስከ 2014 ድረስ የተካሄደው የማኅበራዊ ጥሬ ገንዘብ ድጋፍ ሙከራ ለዚህ በአብነት ይጠቀሳል። በክልሉ የሠራተኛና ማኅበራዊ ጉዳይ ቢሮ የተመራውና በተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መርጃ ድርጅት የተደገፈው ይህ ሙከራ፣ ለእያንዳንዱ ተመራጭ ቤተሰብ 155 ብር ወርኃዊ መነሻ መድቦ ነበር። በቤቱ ሕፃናት፣ አካል ጉዳተኞች ወይም አረጋውያን ሲኖሩ ደግሞ በየዓይነታቸው ተጨማሪ ይከፈል ነበር። በየቀበሌው የተቋቋሙ የማኅበረሰብ እንክብካቤ ጥምረቶችም ተጠቃሚዎችን በመለየትና ቤት ለቤት በመጎብኘት ተሳትፈዋል። ከዚህ ተሞክሮ የሚገኘው ትምህርት የጉዳት መጠንን በስሌት ውስጥ ማስገባት በሀገራችን የአስተዳደር አቅም የሚቻል መሆኑ ነው።

የሰመራና የሎጊያ ተሞክሮ

የአፋር ክልል ርዕሰ ከተማ ሰመራ፣ ከአጎራባቿ ሎጊያ ጋር፣ በ2009 ዓ.ም የከተማ ልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮጀክት ከተጀመረባቸው 11 ከተሞች አንዷ ነበረች። ሌሎቹ አዲስ አበባ፣ አዳማ፣ መቀሌ፣ ደሴ፣ ሐዋሳ፣ አሶሳ፣ ጋምቤላ፣ ጅግጅጋ፣ ሐረርና ድሬዳዋ ናቸው። ፕሮጀክቱ ከዓለም ባንክ በተገኘ 300 ሚሊዮን የአሜሪካን ዶላርና መንግሥት በመደበው 150 ሚሊዮን ዶላር የተንቀሳቀሰ ሲሆን፣ 604 ሺህ ነዋሪዎችን ለመድረስ ታቅዶ ነበር። ከነዚህ ውስጥ 84 በመቶ ያህሉ በአካባቢ ልማት ሥራ ተሳትፈው፣ 16 በመቶ ያህሉ ደግሞ መሥራት የማይችሉ በመሆናቸው ያለ ሥራ ግዴታ በቀጥታ እንዲደገፉ ተወስኗል። እ.አ.አ. በ2020 በጸደቀው ተከታይ ፕሮጀክት የከተሞቹ ቁጥር ከ80 በላይ እንዲሆን ተደርጓል።

የከተማው ፕሮጀክት ከገጠሩ የሚለየው በዋናነት በአከፋፈሉ ነው። በከተማ ክፍያው በባንክ ሒሳብ እንዲተላለፍ ተደርጓል። በአፋር ገጠር ግን ድጋፉ ለረጅም ዓመታት በአመዛኙ በእህል ሲሰጥ ቆይቷል፤ ለዚህም የገበያ ርቀትና የዋጋ መዋዠቅ ምክንያት ሆነው ይጠቀሳሉ። እህልና ገንዘብ ለተቀባዩ የሚሰጡት አቅም የተለያየ ነው። ወፍጮ ቤት በሌለበት መንደር አንድ ከረጢት ስንዴ የተሰጣት አቅመ ደካማ እናት፣ እህሉን የሚሸከምላትና የሚያስፈጭላት ሰው ያስፈልጋታል። ብዙውን ጊዜም ከእህሉ ቀንሳ የምትከፍለው ለዚሁ ነው። ገንዘብ የተቀበለች እንደሆነ ግን ወተት፣ መድኃኒት ወይም የአንድ ረዳት ጉልበት እንደ ፍላጎቷ ልትገዛ ትችላለች። በሌላ በኩል ዋጋ በናረ ጊዜ የገንዘቡ የመግዛት አቅም ስለሚወርድ፣ ክፍያው በየጊዜው ካልተከለሰ ምርጫው ትርጉም ያጣል።

አዋሽ ሰባት ኪሎና የተንቀሳቃሽ ነዋሪዎች ጉዳይ

ከሰመራ በስተደቡብ ምዕራብ፣ ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው ጎዳና ላይ የምትገኘው አዋሽ ሰባት ኪሎ በባቡር ጣቢያነት የተቆረቆረች፣ የተለያዩ ብሔረሰቦች ተወላጆች የሚኖሩባት የንግድ መተላለፊያ ናት። በዙሪያዋ የሚገኙት የአዋሽ ፈንታሌ ወረዳ ቀበሌዎች ደግሞ በአብዛኛው የአርብቶ አደር መኖሪያ ናቸው። በእንዲህ ዓይነቱ አካባቢ የተጠቃሚ ልየታ ሥራ ከደጋው የተለየ ጥንቃቄ ይጠይቃል።

አንደኛው ምክንያት እንቅስቃሴ ነው። ጉልበት ያላቸው የቤተሰብ አባላት ግጦሽና ውኃ ፍለጋ ከብቶቻቸውን ይዘው ሲርቁ፣ አረጋውያን፣ ሕሙማንና ሕፃናት በመንደር ይቀራሉ። በመዝገብ ሲታይ ቤተሰቡ ጠንካራ ወጣቶች ያሉት ይመስላል። በመሆኑም ለቋሚ ቀጥታ ድጋፍ ብቁ አይደለም ሊባል ይችላል። በተግባር ግን አረጋዊው ወራትን የሚያሳልፈው ያለ ጧሪ ነው።

ሁለተኛው በገጠሩና በከተማው መዝገብ መካከል የሚፈጠረው ክፍተት ነው። ከብቱን በድርቅ አጥቶ ወደ ከተማ ዳርቻ የተጠጋ አካል ጉዳተኛ ከቀድሞ ቀበሌው ዝርዝር ሊሰረዝ ይችላል፤ በከተማዋ ደግሞ የነዋሪነት መታወቂያ ስለሌለው ላይመዘገብ ይችላል። ሁለቱም ቀበሌዎች መመሪያውን አክብረው እየሠሩ ሰውየው ያለ ድጋፍ ይቀራል ማለት ነው። ስለዚህ አንድ ተጠቃሚ ከዝርዝር ከመሰረዙ በፊት የተዛወረበት ቀበሌ መቀበሉን በደብዳቤ ማረጋገጥ ቀላልና ወጪ የማይጠይቅ መፍትሔ ነው።

ሦስተኛው ድንገተኛ አደጋ ነው። በ2017 ዓ.ም በአዋሽ ፈንታሌና በዱለቻ ወረዳዎች አካባቢ በተደጋጋሚ በተከሰተው የመሬት መንቀጥቀጥ ሳቢያ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ነዋሪዎች ከቀያቸው ተነስተው ወደ ጊዜያዊ መጠለያዎች እንዲዛወሩ ተደርጓል። በ2012 ዓ.ም ማብቂያ የአዋሽ ወንዝ ሞልቶ በመፍሰሱም በክልሉ ብዙዎች ተፈናቅለዋል። በእንዲህ ያለ ጊዜ መጀመሪያ መጓጓዣ የሚያስፈልጋቸው በቋሚ ቀጥታ ድጋፍ ዝርዝር ስማቸው የሰፈረ ሰዎች ናቸው፤ መራመድ ስለማይችሉ። ዝርዝሩ ወቅቱን ጠብቆ የተስተካከለና በወረዳው የአደጋ ሥጋት አመራር ባለሙያ እጅ የሚገኝ ከሆነ፣ የክፍያ ሰነድነቱ አልፎ የነፍስ አድን መሣሪያ ይሆናል።

ጎሳ፣ ዳጉና የተወካይ ጉዳይ

የአፋር ሕዝብ አቅመ ደካማን በጎሳ የመደገፍ ጠንካራ ባህል እንዳለው ይታወቃል። ይህ ባህል ለፕሮግራሙ ትልቅ ሀብት ነው። የጎሳ መሪዎች በየመንደሩ ማን ዓይኑን እንዳጣ፣ ማን ብቻውን እንደቀረ ከማንም በላይ ያውቃሉ። ዳጉ የተሰኘው የአፋር ባህላዊ የመረጃ ልውውጥም፣ መንገደኞች ሲገናኙ ያዩትንና የሰሙትን በዝርዝር የሚነጋገሩበት በመሆኑ፣ የክፍያ ቀንና ቦታን ለማሳወቅ ከማንኛውም ማስታወቂያ ሰሌዳ የፈጠነ ነው።

በአንጻሩ የመተጋገዝ ባህሉ ድጋፉ ለብዙዎች እንዲበተንም ምክንያት ይሆናል። በጎሳ ሥርዓት ከመጣው ሁሉ መካፈል ክብር በመሆኑ፣ ለጥቂት ድሆች የተመደበ እህል ለመንደሩ ሁሉ ሲከፋፈል ይስተዋላል። መካፈሉን በደፈናው እንደ ጥፋት መቁጠር አይገባም፤ ዛሬ ያካፈለ ነገ ይካፈላልና። ሆኖም ውኃ ቀድቶ፣ እንጨት ለቅሞ ብድሩን መመለስ ለማይችል አረጋዊ ድርሻው ሲሸራረፍ የሚተካለት የለም። ስለሆነም የቀበሌ አስፈጻሚዎች ከጎሳ መሪዎች ጋር ሲመክሩ፣ የማኅበረሰብ ሥራ ተሳታፊዎች ክፍያና የቋሚ ቀጥታ ድጋፍ ክፍያ የተለያዩ መሆናቸውን ለይተው ማስረዳት ይጠበቅባቸዋል።

ከሁሉ ይበልጥ ትኩረት የሚሻው ግን የተወካይ ጉዳይ ነው። ወደ ክፍያ ጣቢያ መድረስ የማይችል ተጠቃሚ ገንዘቡን በወኪል ይቀበላል። ወኪሉ ብዙውን ጊዜ ልጅ፣ የወንድም ልጅ ወይም ጎረቤት ነው። አብዛኞቹ ታማኞች ቢሆኑም፣ ተጠቃሚው ስንት ብር እንደወጣለት ሳያውቅ ዓመታት ሊያልፉ ይችላሉ። በሰነድ በኩል ግን ክፍያው ተፈጽሟል፤ ፊርማውም አለ፤ ኦዲተርም ጉድለት አያገኝም። ገንዘቡ ለእንክብካቤ መዋሉን የሚያሳየው ብቸኛው ማስረጃ የተጠቃሚው ሁኔታ በመሆኑ፣ ሳይጎበኙት ማረጋገጥ አይቻልም። በተለይ ድጋፉ ወደ ኤሌክትሮኒክ ክፍያ በሚሸጋገርበት ጊዜ፣ የምሥጢር ቁጥሩን የያዘው ሰው ማን እንደሆነ ማወቅ የአስፈጻሚው ግዴታ ሊሆን ይገባል።

የሌሎች ሀገሮች ልምድ

በአንዳንድ ሀገሮች መንግሥት ለተደጋፊው ገንዘብ የሚሰጠው፣ ተደጋፊው የሚያስፈልገውን አገልግሎት ራሱ መርጦ እንዲያደራጅ በማሰብ ነው። በብሪታንያ እ.አ.አ. በ1996 የወጣ ሕግ የአካባቢ አስተዳደሮች ለአካል ጉዳተኞች አገልግሎት ከማቅረብ ይልቅ ገንዘቡን በቀጥታ እንዲሰጡ ፈቀደ። በዚህም ተጠቃሚው የራሱን ረዳት መቅጠርና የሥራ ሰዓቱን መወሰን ቻለ። ሕጉ መጀመሪያ ዕድሜያቸው ከ65 ዓመት በላይ የሆኑትን ያላካተተ ሲሆን፣ እ.አ.አ. በ2000 ለአረጋውያንም ተፈቅዷል። በስዊድን እ.አ.አ. በ1994 ሥራ ላይ የዋለው ሕግ ከባድ ጉዳት ላለባቸው ሰዎች የግል ረዳት የማግኘት መብት ሰጥቷል። ጀርመን ደግሞ እ.አ.አ. ከ1995 ጀምሮ ተግባራዊ ባደረገችው የእንክብካቤ መድን፣ ተንከባካቢ የሚሻ ሰው የተደራጀ አገልግሎት ወይም ጥሬ ገንዘብ እንዲመርጥ አድርጋለች። ገንዘቡን ለሚንከባከበው ዘመድ መስጠትም ይችላል። የገንዘቡ መጠን የሚወሰነው በቤተሰቡ ብዛት ሳይሆን በጉዳቱ ደረጃ ነው።

ከአፍሪካ ደግሞ የደቡብ አፍሪካና የኬንያ ልምድ ይበልጥ ይቀርበናል። በደቡብ አፍሪካ የአረጋውያን ወይም የአካል ጉዳተኞች አበል የሚያገኝ ሰው የሌላ ሰው የሙሉ ጊዜ እንክብካቤ የሚያስፈልገው ከሆነ፣ ከመደበኛው አበል በላይ ተጨማሪ ክፍያ ይሰጠዋል። በኬንያ ከባድ የአካል ጉዳት ያለባቸው ሰዎች ድጋፍ እ.አ.አ. በ2011 የተጀመረ ሲሆን፣ ክፍያው በተንከባካቢው በኩል እንዲደርስ ይደረጋል። ከዚህም በተጨማሪ በቱርካና፣ በማርሳቢት፣ በማንዴራና በዋጂር አርብቶ አደር አካባቢዎች በተካሄደው የረሃብ ሴፍቲኔት ፕሮግራም፣ ለተንቀሳቃሽ ማኅበረሰብ ገንዘብ በባንክ ወኪሎች አማካይነት ማድረስ እንደሚቻል ታይቷል።

የብሪታንያውን ዓይነት አሠራር እንዳለ ወደ አፋር ማምጣት ይቻላል ማለት አይደለም። እዚያ ገንዘቡ የሚገዛው የተደራጀ አገልግሎት በገበያ ላይ አለ፤ በአዋሽ ሸለቆ ግን እንክብካቤ የሚሰጠው ቤተሰብ፣ በተለይም እናቶችና ልጃገረዶች ናቸው። ከነዚህ ልምዶች ሊወሰድ የሚገባው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው፣ የእንክብካቤ ፍላጎት ከምግብ ፍላጎት ተለይቶ ሊመዘን እንደሚገባ ነው። ሁለተኛው፣ ተንከባካቢውም ወጪ እንዳለበት ነው። አያቷን ለመጠበቅ ከትምህርት ቤት የቀረች ልጅ የእንክብካቤውን ዋጋ እየከፈለች ነው፤ በየትኛውም የክፍያ ሰነድ ላይ ግን ስሟ አይገኝም።

የአስፈጻሚዎች ኃላፊነት

ከላይ የተዘረዘሩትን መነሻ በማድረግ፣ በወረዳና በቀበሌ ደረጃ የሚገኙ አስፈጻሚዎች የሚከተሉትን ተግባራት ትኩረት ሰጥተው ቢያከናውኑ ድጋፉ ለታለመለት ዓላማ ይውላል።

በልየታ ወቅት ጥያቄው በቤተሰቡ ስንት ለሥራ የደረሱ አባላት አሉ በሚለው ብቻ መወሰን የለበትም። አባላቱ በዓመቱ ውስጥ ለስንት ወራት በመንደር እንደሚገኙ፣ አረጋዊውን ማን እንደሚያጥበውና እንደሚያጎርሰውም መጠየቅ ይገባል። ዓመታዊ የዝርዝር ክለሳ ሲደረግም ስብሰባ መምጣት የማይችሉትን ቤታቸው ሄዶ ማየት ያስፈልጋል። በስብሰባ ያልታየ ሰው ከዝርዝር የመረሳት ዕድሉ ሰፊ ነውና።

የደንበኛ ካርድ በተጠቃሚው እጅ መቆየት ይኖርበታል። በካርዱ ላይ የሰፈሩት መብቶችና ግዴታዎች፣ የክፍያውም መጠን ማንበብ ለማይችሉ በአፋርኛ በቃል ሊነገሯቸው ይገባል። ክፍያ በተፈጸመ ቁጥር መጠኑን ለወኪሉ ብቻ ሳይሆን ለተጠቃሚው ማሳወቅ፣ ወኪል ሲለወጥም የተጠቃሚውን ፈቃድ በምስክር ፊት መቀበል አስፈላጊ ነው።

የቀበሌ ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ ከመራጩ ግብረ ኃይል የተለየ እንዲሆን የተደረገው ያለ ምክንያት አይደለም። ከዝርዝር ያስቀረውን ሰው ቅሬታ ያው ሰው ሊሰማው አይችልም። ኮሚቴው በስም ብቻ እንዳይቀር፣ የቀረቡለትን ቅሬታዎችና የሰጣቸውን ውሳኔዎች በመዝገብ መያዙን ወረዳው ሊያረጋግጥ ይገባል። ከአንድ ቀበሌ ዓመቱን ሙሉ አንድም ቅሬታ አለመቅረቡ ሁልጊዜ የመልካም አፈጻጸም ምልክት ተደርጎ ሊወሰድ አይገባም፤ ሰው ወዴት እንደሚያመለክት አለማወቁንም ሊያሳይ ይችላል።

ከዚህ በተጨማሪ የቋሚ ቀጥታ ድጋፍ ተጠቃሚዎችን ከሌሎች አገልግሎቶች ጋር ማስተሳሰር ገንዘቡ ብቻውን የማይፈታውን ችግር ያቃልላል። ከነፃ ሕክምና ወይም ከማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን የድሃ ድጎማ ጋር የተገናኘ አረጋዊ የወር ድጋፉን ለመድኃኒት አይጨርስም። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችና ማኅበራዊ ሠራተኞች በወር አንድ ጊዜ እንኳ ዝርዝሩን ይዘው ቤት ለቤት ቢጎበኙ፣ የታመመውን፣ የተጎሳቆለውንና ገንዘቡ ያልደረሰውን በአንድ ጉዞ ይለያሉ። ርዕሰ መምህራንም በአያት ጥበቃ ምክንያት የቀሩ ተማሪዎችን ለቀበሌው የሚያሳውቁበት አሠራር ቢዘረጋ ጠቀሜታው የጎላ ይሆናል።

በመጨረሻም የክፍያ ወቅታዊነት ጉዳይ አለ። ደመወዝ በአንድ ሳምንት ቢዘገይ በመሥሪያ ቤቶች ምን ያህል መነጋገሪያ እንደሚሆን የታወቀ ነው። የማኅበረሰብ ሥራ ተሳታፊ ክፍያ ሲዘገይበት የቀን ሥራ ሊፈልግ፣ ሊበደር ወይም ፍየል ሊሸጥ ይችላል። የቋሚ ቀጥታ ድጋፍ ተጠቃሚ ግን በዝርዝሩ ውስጥ የገባው ከነዚህ አንዱንም ማድረግ ባለመቻሉ ነው። ስለዚህ በጀት በተጣበበና ሰነድ በተጓተተ ጊዜ ሁሉ የቋሚ ቀጥታ ድጋፍ የክፍያ ዝርዝር በቅድሚያ ተዘጋጅቶ በቅድሚያ ሊፈረም ይገባል።